ሊያ ትሄዳለች

ይድረስ ለውዱ ባሌ ለታዴ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም። እኔ ደህና ነኝ፣ ተናድጃለሁ እንጂ።

ቤታችን እዚያው ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ነው። እኔም ኤርፖርት ጽዳት ላይ ነኝ፤ ሺፍቴ ብቻ ወደ ጠዋት ተቀየረ። የተለወጠችው ልጃችን ናት። ዜና በመጣ ቁጥር ካንተ ጋር እየተከራከረች እራት የምታስቀዘቅዝብኝ ሊያ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ኦኬ እና ደህና ነኝ ብቻ ሆነች።

አሁን አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተቀብሏታል፣ በአውሮፕላን የሦስት ሰዓት መንገድ። ወጪዋንም ችለውላታል። የትምህርት ቤቷ አማካሪ ስመ ጥር ነው ትላለች፤ ከኛ ሰው ግን ስሙን የሰማ የለም። ወንድምህ ጌታቸው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሦስት ሽማግሌ ይዞ መጣብኝ! ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ይመስል ከረባት አስረው ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ተመርቃ ምን ትባላለች ነው ጥያቄያቸው፤ ነርስ ናት፣ ፋርማሲስት ናት ወይስ ኢንጂነር? እዚያ መጀመሪያ ከሁሉም ትምህርት ትንሽ ትንሽ ቀምሰው ነው የሚመርጡት ብላቸው፣ እርስ በርስ ተያዩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ምን እንደምትባል አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ጌታቸው ያንተን አደራ አወጣ። ሆስፒታል እጄን ይዘህ፣ ሊያን ከዓይንሽ እንዳታርቂያት ያልከኝን።

ቢሆንም ሳላይ አልወስንም ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ብርዱ አይጣል ነው። ሀበሻ የሚባል አላየሁም። ሊያም ፈርታ እጄን አልለቅም ብላ ነበር። ከዚያ አንድ ክፍል አስገቡን፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን አሥር አሥራ አንድ ልጆች። እኔ ጥግ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛው ሮጠብኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። ብቻ አንዱ ልጅ የሆነ ነገር ሲናገር ሊያ አይደለም ብላ ገባችበት። ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ እያደረገች፣ ልክ እንዳንተ! ልጁም መለሰላት፣ እሷም አልለቀቀችውም። መምህሯ ትስቃለች። እኔ እዚያ ሰው ፊት አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

እዚህ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ አራት ዓመት ከኋላ ተቀምጣ ዝም ማለት ትችላለች። እዚያ የኋላ ወንበር የለም። ምን እንደምትባል ዛሬም አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ሲያውቁ ይንገሩኝ።

ስለዚህ ታዴ፣ አደራህን አፍርሻለሁ። ለጌታቸው ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ ላንተም ይኸው። ከፈለግክ ተቆጣኝ፤ ቁጣህም ናፍቆኛል። ኦገስት ላይ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ከምሠራበት ተርሚናል እኔው ራሴ እሸኛታለሁ። ከዓይኔ ትራቅ። በየእሁዱ ስትደውል ሆን ብዬ ነገር አነሳባታለሁ፤ እሷ አይደለም ብላ በተከራከረችኝ ቁጥር አንተን አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ ሰብለ