ሁለቱ ግማሾች

ጥቅምት 6

እኔ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የእህቴን ብስኩት የበላሁት እኔው መሆኔን አረጋግጣለሁ። አይጥ ነው ብያታለሁ። የምትሠራበት ቤተ ሙከራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው... አይጡ በሊፍት መጥቶ ይሆናል።

ከትምህርት ቤት ስወጣ እሷ ጋ ነው የምቆየው፣ አባባ ልብስ ስፌት ቤቱን እስኪዘጋ። የዶክትሬት ሥራዋ እንዲህ ነው። ኳንተም ኮምፒውተር የሚባለው ጉድ ሲመጣ የዛሬው የምስጢር ቁልፍ ሁሉ ይሰበራል። እሱም የማይሰብረው አዲስ ቁልፍ ተሠርቷል። ግን ሌባው ሒሳብ መፍታት ምን አደከመው? ቁልፉን የያዘው ቺፕ ሲሠራ የሚስበውን መብራት ይለካል፣ ከዚያ ላይ ቁልፉን ያነባል። እህቴ ደግሞ ቁልፉን በዘፈቀደ ቁጥር ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹ ብቻውን ትርጉም የለውም።

ሚሊዮን ጊዜ ለካች። ስክሪኑ ላይ ጸጥ ያለ መስመር። ምንም አያፈስም። ፕሮፌሰሯን እኔ "ጋሽ ይሁንና" ነው የምለው፤ ሰላምታ እንኳ ያለ "ይሁንና" አይሰጥም። ዛሬ ሳይለው ወጣ።

ጥቅምት 9

አባባ ለምረቃዋ ኮት ጀምሯል። ለሰፈሩም አውርቷል። ጎረቤታችን "ዶክተሯ" ሲባል ሰምተው ወገባቸውን ሊያሳዩ መጡ። እህቴ ጨነቃት፤ "ፍራሽ ይቀይሩ" አለቻቸው። ተሽሏቸዋል አሉ።

ጥቅምት 14

ደንብ አላቸው። መጀመሪያ መከላከያውን፣ ማለትም ለሁለት መክፈሉን፣ አጥፍተው ይለካሉ። ያኔ ቁልፉ ፍንትው ብሎ መታየት አለበት፤ ካልታየ መለኪያው ታውሯል ማለት ነው። እህቴ ጠረጴዛ የቀየረች ቀን ይቺን ዘለለቻት። ዛሬ ለጽሑፏ ማነጻጸሪያ ፈልጋ አጠፋችና ለካች።

ጸጥ ያለ መስመር።

"አሪፍ ነው አይደል?" አልኳት።

ጎንበስ ብላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካካች። መለኪያውን "አሁን ጀምር" የሚለው ገመድ ላልቷል። መለኪያው በፈለገው ሰዓት ነበር የሚጀምረው... ሚሊዮኑንም ጊዜ።

ጥቅምት 17

ገመዱ ጠበቀ። መከላከያውን አበራች። ቁልፉ ይታያል።

ሁለቱ ግማሾች ቺፑ ውስጥ አንድ ቦታ ይረግጣሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው እዚያው ይገባል፣ መብራቱም ያሳብቃል። ቺፑ አንዴ ተሠርቷል። አዲስ ለማሠራት ዓመት ይፈጃል። የእሷ ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው።

ጋሽ ይሁንና በሩን ዘጋው። እኔን እንደ ወንበር ነው የሚቆጥረኝ።

"የድሮው ውጤት አለልሽ። ማንም አይመረምረውም። ይሁንና..."

"ይሁንና ምን፣ ፕሮፌሰር?"

መነጽሩን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

"ሰው እኮ ቆልፌያለሁ ብሎ ይተኛል" አለችው።

ጥቅምት 20

ለዶክትሬት ኮሚቴው ሁሉንም ነገረች። ዓመት እንዲጨምሩላት ጠየቀች። አይቻልም አሏት። ስለ ሐቀኝነቷ አመሰገኗት... ምስጋናውን ምን ታድርገው?

ጥቅምት 21

ተኝታ ዋለች።

ጥቅምት 25

ጠረጴዛዋ ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። ዕቃዋን እኔ ተሸክሜ ወረድኩ። አንድ ካርቶን። አራት ዓመት እንዲህ ይቀላል?

"ለአባባ ትንፍሽ እንዳትይ፣ ምላሶ።"

"አንቺስ መቼ ትነግሪዋለሽ?"

ሊፍቱ ውስጥ ቁጥሮቹን ስታይ ቆየች።

ጥቅምት 28

ኮቱ አለቀ። አባባ ሊያስተካክልላት አቆማት። ስፒል በከንፈሩ ይዞ ይዞራታል፣ እሷ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች።

"ከስተሻል። ትከሻው ወረደብኝ እኮ... ቀኑ መቼ ሆነ?"

እኔን አየችኝ። ባለፈው ሲጠይቅ "ፕሮፌሰሩ ይሁንናውን ሲጨርስ" ብዬ አስቄው አልፈናል። ዛሬም አንድ ነገር እንድል እየጠበቁ ነው፣ ሁለቱም። ክር ላምጣ ብዬ ጓዳ ገባሁ።

እዚህ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። ድምፅ የለም። ነገረችው? አልነገረችውም? መቀስ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እየመጣ ነው።

መጋረጃውን ገለጠው። አልተቆጣም... ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ምላሶ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ዛሬ ለምን አልቀለድሽም?"