አልጋውን ከሳሎን አወጣነው

የምሕረት አባት፣ ማቴዎሴ፣

ያለ አንተ ሁለተኛው የጊፋታ በዓል አልፎ ይኸው ጥር ደርሷል። ለሞተ ባሏ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት በእንባ ነው የምትጀምረው መሰለኝ። እኔ ግን ዛሬ የማለቅስበት ጊዜ የለኝም። ትናንት ገሱባ፣ ወንድምህ ቤት የሆነውን ለማን ልንገር፣ ለማን ልንገር እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ ግቢውን ስዞር ቆየሁ። ምሕረት ሰምታለች፣ ጎረቤቱ ሰምቷል፣ ከመናኸሪያ ያመጣኝ የባጃጅ ሹፌር እንኳን ሳይወድ በግዱ ሰምቷል። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። በል እንግዲህ አድምጠኝ። ድሮ ሳወራ መሃል ላይ እየገባህ ታቋርጠኝ ነበር፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው።

የቤቱን ወሬ ቶሎ ብዬ ልጨርስልህ። ልጅህ አረካ ሥራ ይዛለች፣ ያውም ያንተኑ የግብርና ሥራ፣ ከገበሬ ጋር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ደጅ አውልቂው ስላት እንዳንተው እሺ ትልና ይዛው ትገባለች። አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አጠገብኩበት። እኔ ደግሞ ወፍሬያለሁ። አትሳቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወንድምህ ጋሽ ጳውሎስ ታመዋል። ያንተው በሽታ ነው፣ የሳንባ ካንሰር። ባለፈው ክረምት ነው የነገሩን። አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ወንድማማቾች በአንድ በሽታ? ብዬ ከፈጣሪ ጋር ተጣላሁ። እሳቸውን ግን ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትዕግስት፣ ያቺ ትከሻህ ላይ ተሸክመህ ያሳደግካት ልጃቸው፣ ሰርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበር። አባት ልጁን እጇን ይዞ ከቤት አውጥቶ፣ መርቆ መኪና ላይ ካላሳፈራት ምኑን ዳራት? አባት ካልቻለ ደግሞ አጎት ነው፤ አጎቷ አንተ ነበርክ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አንድ የአክስቷ ልጅ ይተካ ብለው ጨረሱት። ጋሽ ጳውሎስም ሲነገራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ አሉ።

ከመስቀል በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? አልጋው ሳሎን መሃል! በላያቸው ሁለት ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ የሱፍ ኮፍያ፤ መስኮቱ ጥርቅም ብሏል፣ ጠያቂው ዙሪያውን ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጦ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሚስታቸው አስቴር የቡላ ገንፎ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች፣ እጃቸው ደህና እያለ! እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያንን አልጋ በእጄ ያነጠፍኩት እኔ መሰለኝ።

ያንተን ያነጠፍኩት እኔ ነኛ። ታማሚ ይተኛል፣ ጠያቂ ይቀመጣል፣ ሚስት ትሮጣለች፤ እኛ ዘንድ ፍቅር እንዲህ ነው የሚታየው። ዕድሜህን በሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ በእግርህ ስትዞር፣ የስንቱን ገበሬ ማሳ ስትረግጥ የኖርክ ሰው፣ ሽንት ቤት ልሂድ ስትለኝ ፖፖ አመጣሁልህ። ጫማህን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ ቀን ገበያ ደርሼ ስመለስ የምሕረትን ሮዝ ነጠላ ጫማ አጥልቀህ፣ ተረከዝህ መሬት ላይ ቀርቶ፣ እንሰቱ መሃል ቆመህ አገኘሁህ። እንዴት እንደጮህኩብህ! ሰው ቢያይህ ምን ይለኛል፣ የታመመ ባሏን ሜዳ ላይ ጣለችው አይሉኝም ወይ አልኩህ። ክንዴን ይዘህ ገባህና ተኛህ። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ አልተነሳህም። እግርህ እየቀጠነ፣ ትንፋሽህ እያጠረ ሄደ፤ እኔም በሽታው ነው እያልኩ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።

ያቺ ከሆስፒታል እየመጣች የምትከታተልህ ቀጭኗ ሲስተር ናት ዓይኔን የገለጠችው። እግሩን ያደከመው ግማሹ በሽታው ነው፣ ግማሹ አንቺ ነሽ አለችኝ፤ ፊት ለፊት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። እሷ ግን መምጣቷን አልተወችም። ከመራመድህ በፊት የሕመም ማስታገሻህን እንድሰጥህ፣ ትንፋሽ ሲያጥርህ ግድግዳ ተደግፈህ ወደ ፊት ጎንበስ እንድትል፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርህን አሹለህ ቀስ ብለህ እንድትተነፍስ፣ መስኮቱ እንዲከፈት፣ ምግቡ ትንሽ ትንሽ እየሆነ ቶሎ ቶሎ እንዲቀርብልህ አስተማረችን። ይድናል ብላ አንድም ቀን አልዋሸችንም። ግን መጀመሪያ እስከ አቮካዶው፣ ቀጥሎ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ ደረስን። ያ የሚያቃጥለው ማባያ፣ ዳጣ የታለ ብለህ ጮህክብኝ! ምግብ የሚጠላው ሰውዬ ዳጣ ጠየቀኝ ብዬ ለጎረቤት ላወራ ሮጥኩ። አስፋልቱ ዳር ቆመህ ወደ ዳሞታ ተራራ አየህና ዛሬ ይዘንባል አልከኝ፤ ልብሱን ሳላስገባ ዘነበብኝ። አራት ወር አብረን ተራመድን። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ያን ያህል አውርተን አናውቅም።

ይህን ሁሉ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን፣ የጫማውን ነገር ሳልደብቅ፣ አስቴርን ጓዳ ጠርቼ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለህ? ባልሽን ቀብረሽ አሁን ደግሞ የኔን ልትቀብሪ መጣሽ? ክው አልኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ነበር። ሳሎን ስደርስ ግን ጋሽ ጳውሎስ ብርድ ልብሱን ገፍተው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉንም ሰምተዋል። ጥር ድረስ ሦስት ወር አለ አይደል አሉኝ። ከኋላዬ የመጣችው አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በዚያው ሳምንት በሚኒባስ ሶዶ ሆስፒታል አመጣናቸው። ሐኪሙ አጥንታቸውን በራጅ አይቶ፣ ልባቸውን አዳምጦ፣ በልክ ይራመዱ አለ። ያቺው ሲስተር አሁንም እዚያው አለች! አስቴርን አስቀምጣ እኔን ያስተማረችኝን ሁሉ አስተማረቻት፤ አስቴርም ከኔ አፍ ያልሰማችውን ከነጭ ጋውን ሰማች። ምን ቸገረኝ፣ ትስማ እንጂ።

ገሱባ ስንመለስ ግን ጠያቂው አላስቆም አላስቀምጥ አለን። ጋሽ ጳውሎስ ገና ደጃፉን ሲያልፉ አንዱ ይመጣና ኧረ በሞቴ ይተኙ ይላል፤ እሳቸውም ይሉኝታ ይዟቸው ይመለሳሉ። ሰው ከሩቅ መጥቶ እንዴት ቆመው ይቀበሉታል? ሁለት ሳምንት እንዲሁ ባከነ። በመጨረሻ ደሜ ፈላ። አልጋውን ከሳሎን አውጥተን መኝታ ቤት መለስነው፣ ወንበሮቹንም ሰብስበን አንድ ክፍል ውስጥ ከተትናቸው። እዚህ ቤት ጠያቂ አይቀመጥም፣ አብሯቸው ይራመዳል አልኩ። ሰዉ ጉድ አለ! ይቺ የሶዶ ሴትዮ አበደች ተባለ። ቀስ እያለ ግን ለመደው። እነዚያ ከንፈር መጣጮች ስለ በቆሎ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰርጉ እያወሩ እንሰቱ መሃል ከእሳቸው ጋር መዞር ጀመሩ። ቦርጫሙን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ታውቃቸው የለ፣ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ከታማሚው ቀድመው እሳቸው አለከለኩ፤ ጋሽ ጳውሎስ ቆመው ጠበቋቸው! እዚያ ግቢ ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ ተሰማ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላቸው፣ እንቁላል ምን አለበት፣ ሳንባ የለው አሉኝ። ያው ያንተ ወንድም አይደሉ!

ሁሌም ግን እንዲህ አልነበረም። ኅዳር ላይ ስድስት ቀን ከአልጋ አልወረዱም፣ አስቴር ሰላምታዬን እንኳን አልመለሰችልኝም። ሲስተሯ ጋ ስደውል ባልቻሉ ቀን አይገደዱ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያንቀሳቅሱ አለች። በሰባተኛው ቀን ራሳቸው ጫማዬን አሉ። ጫማውን ያቀረበችው አስቴር ናት።

ትናንት! ማቴዎሴ፣ ትናንት! መንገዱ ስለተቦረቦረ የሙሽራው መኪና ግቢ አልገባም፣ ታች ቆሟል። ከደጃፉ እስከዚያ እኛ ስንቆጥረው ስልሳ እርምጃ ነው፣ ለእሳቸው ግን ከሶዶ እስከ ዱቦ ያን ሁሉ መንገድ በእግር እንደ መሄድ ነው። ሊተካ የተመረጠው የአክስቷ ልጅ ሱፉን ለብሶ፣ ምናልባት ካልቻሉ ብሎ፣ ጥግ ይዞ ይጠብቃል። ጋሽ ጳውሎስ ወጡ። ሱፋቸው ሰፍቷቸዋል፣ ትዕግስት በነጭ ቬሎዋ ክንዳቸውን ይዛለች። ሃያ ያህል እንደተራመዱ ቆሙ። መዘምራኑ ደንግጠው ዝማሬውን አቋረጡ፤ ሚዜዎቹም ቪዲዮ ቀራጩም ክው ብለው ቀሩ። የአክስቷ ልጅ አንድ እርምጃ ሲንቀሳቀስ ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት። ጋሽ ጳውሎስ አጥሩን ተደግፈው ጎንበስ አሉና ከንፈራቸውን አሹለው ተነፈሱ። እኔ በእጄ ዘምሩ፣ ዘምሩ እላለሁ፤ እነሱም ጀመሩ። ሄዱ። አንዴ ደግሞ ቆሙ፣ አሁንም ሄዱ። መኪናው ጋ ደረሱ! እጃቸውን ከልጃቸው ራስ ላይ ጭነው በወላይትኛ መረቋት፤ ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ ግን እስከ መጨረሻው ጨረሱት። አስቴር እልልታዋን ስታቀልጠው እኔም አላወቅሁም፣ ጫማዬ ወልቆ ቀርቶ በባዶ እግሬ እየዘለልኩ ነበር።

መኪናው ከሄደ በኋላ አጥሩ ሥር አረፍ ብለው ጠሩኝ። ማቴዎስ ያኔ የነገረኝን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም አሉኝ። ሁለት ወር ተኝተህ ሳለ መጥተው ለምን አትነሳም ሲሉህ፣ ስተኛ ብዙነሽ ትረጋጋለች፣ ስነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንሽ ልተኛላት ብለሃቸዋል።

ልተኛላት! አንተ ሰውዬ! እኔ አንተን አስታምማለሁ ብዬ ስሮጥ፣ ለካ አንተ እኔን ስታስታምም ነበር። እዚያው አጥሩ ሥር፣ ሰርገኛው እያየኝ፣ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሁለቱን ወር ልመልስልህ አልችልም። እስከ ዛሬ ሳስብህ ያንን ጊዜ እየዘለልኩ ነበር የማስብህ፤ ከእንግዲህ አልዘለውም። አስፋልቱ ዳር የቆምከውንም፣ ለኔ ብለህ የተኛኸውንም፣ ሁለቱንም እስከ ዕለተ ሞቴ አስታውሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ገሱባ እመለሳለሁ፣ ጋሽ ጳውሎስ ሰርጉ አለቀ ብለው እንዳይተኙብኝ። የማይችሉበት ቀን ይመጣል፤ አውቃለሁ። ያኔ አስቴር ስትንቀጠቀጥ እጇን እይዛለሁ፣ እሳቸው ቢተኙም ስላቃታቸው እንጂ ለእኛ ብለው እንዳይሆን።

ያንተው ብዙነሽ