ለቅሶ አይደለም

አዋሳ፣ እሑድ ጥቅምት 3 ቀን 1972 ዓ.ም.

ከሰው የደበቅኩትን እዚህ ልጻፈው፤ ፈሪ ነኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየእሑዱ እኔ ቤት የምንሰበሰበው በባለቤቴ በውድነሽ ለቅሶ ስም ነው። እሷ ከሞተች ዓመት አልፏል። ዝማሬው በሹክሹክታ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ከመካከላችን ወጣቷ አስቴር በሲዳምኛ የደረሰችውን አዲስ መዝሙር እንኳ ጭብጨባ አለው ብዬ ከለከልኩ። ለሰው “ጥንቃቄ ነው” እላለሁ።

ዛሬ እየዘመርን ሳለን የቀበሌው ሊቀመንበር ከነጠመንጃው በር ላይ ቆመ።

“ጋሼ፣ ባለቤትዎ ስንት ጊዜ ነው የሚሞቱት?” ብሎ ሳቀ።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ውድነሽ ስትዘምር ድምፅዋ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ግን ሞቷን መደበቂያ አደረግኩት። አፈርኩ።

“ለቅሶ አይደለም ልጄ፣ እግዚአብሔርን እያመለክን ነው” አልኩት።

“ያሳስራል እኮ!”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ነገ ጠዋት ቀበሌ ይቅረቡ።”

“እቀርባለሁ። ዛሬ ግን መዝሙራችንን አልጨረስንም።”

ሰውየው ከበሩ አልተነቃነቀም። ወደ አስቴር ዞርኩና “በይ ልጄ፣ ያንቺን አውጪው፤ ጮክ አድርገሽ” አልኳት። ጀመረች። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።