የዕድሩ ድስት

ልጄ ማክዳ፣

ጊዮርጊስ ከዚህ ክፉ በሽታ ይሰውርሽ፤ ባለሽበት አገር ሳል እንኳ ደጅሽ ዝር አይበል። እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን ማስክ አጥቤ አጥቤ አሳስቼዋለሁ።

ኮሮና ከገባ ወዲህ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጭር ብሏል። እዚያ ጉልት ሲቸረችሩ፣ ሸክም ሲሸከሙ የሚውሉት ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ተቀመጡ። በሽታው ሳይነካቸው ረሃቡ ቀደማቸው። ሽንኩርቱም ጤፉም ከገጠር እንደ ልብ አይገባም፤ የገባውም ዋጋው እሳት ነው።

የዕድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለቅሶ ላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ ያ ሁሉ ትልልቅ ድስት ሥራ ፈትቶ ተደርድሯል። አውጥተን ለጎረቤት እናብስልበት ብል ሊቀመንበሩ አቶ እምሩ፣ «ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ዕድር የተቋቋመው ለሞተ ሰው ነው» አሉኝ።

«ታዲያ እስኪሞቱ እንጠብቃቸው?» አልኳቸው።

ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። በማግስቱ ግን ምስር አሸክመው መጡ!

አሁን በየቀኑ ምሳ እንሠራለን፤ ሰዉ ተራርቆ ተሰልፎ ይወስዳል። አቶ እምሩ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ እኔ ጭልፋ ይዤ አዛለሁ። ኮርቻለሁ ልጄ፣ ምን እደብቅሻለሁ!

አንቺም ሥራ በዛብኝ ብለሽ ሳትበዪ እንዳትውዪ። እግዜር ማዕድሽን አያጉድል፣ ክፉ ወሬ አያሰማሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ክረምቱ ስለገባ የዕድሩን ድንኳን ደጃችን ላይ ተክለነዋል። ሰው ፎቶውን ቢልክልሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም። የተከልነው ማንም እንዳይሞት ነው።

እናትሽ ሙሉነሽ