ጋሽ ብሩሽ፣ የጓሮ ወፎች ፎቶ አንሺ

ዛሬ ልንሰናበታቸው የተሰበሰብንላቸው ወንድሜ ጋሽ ብሩሽ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ከገበያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እህታቸው ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ነኝ። ስለዚህ የልጅነታቸው ብቸኛ ተፎካካሪም፣ ዛሬ የቀረሁት ብቸኛ ምስክርም እኔው ነኝ።

ገና ልጅ ሳሉ አባታችን ሥራ ላይ ከምሰሶ ወድቀው ሞቱ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ በሰላም ነበር የወጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ብሩሽ ከቤት የወጣ ሰው ይመለሳል ብለው አምነው አያውቁም። እናታችን ትንሽ ሲዘገዩ በር ላይ ይቆማሉ፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስቆይ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ፍለጋ ይወጣሉ። እኔም ፈሪ እያልኩ አበሽቃቸው ነበር። በሟች የሕይወት ታሪክ ላይ ይህን ቃል መጻፍ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን እሳቸውን ያለ ፍርሃታቸው መጻፍ የሌላ ሰው ታሪክ መጻፍ ይሆንብኛል።

እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በዋናው መንገድ ላይ በነበረው ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው ፎቶ ማንሳት ሳይሆን የተነሳውን ማሳመር ነበር። ከጨለማው ክፍል አጠገብ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ጠባብ ክፍል ተቀምጠው፣ ነጋቲቩን ከሥሩ መብራት በበራለት መስታወት ላይ ዘርግተው፣ ጫፉ እንደ መርፌ በተሳለ እርሳስ የሙሽሮችን ብጉርና የሽማግሎችን ሽብሽብ ያለሰልሱ ነበር። በታተመው ፎቶ ላይ የቀረውን ነጠብጣብ ደግሞ ፀጉሩ ጥቂት በሆነ ብሩሽ ይሸፍናሉ፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው። ደንበኞች ከመስታወታቸው ይልቅ የእሳቸውን እጅ ያምኑ ነበር። አንድ ነገር ብቻ እሺ አይሉም፤ ዓይን አይነኩም። ጠባሳ ይነሳል፣ ጥርስ ይነጣል፣ ዓይን ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ ዓይኑ የተነካ ሰው በፎቶው ላይ የሞተ ይመስላል ባይ ነበሩ። ደንበኛ ቢቆጣም የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቢቆጣም ከዚህ ፍንክች አላሉም።

በ1969 ዓ.ም. ለመታወቂያ ፎቶ ከመጡ አንዲት የልብስ ሰፊ ጋር ትዳር መሠረቱ። ፎቶውን ሳይመልሱላቸው የቆዩት የሚያጠፉት ነገር ስላጡበት ነው እያልን እናሾፍባቸው ነበር። በትዳራቸውም ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ የሆነች አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚሳሱላት። እሷም ብትሆን ለአካለ መጠን ከደረሰች በኋላም ስልክ ሳትደውል አምሽታ አታውቅም።

ኮምፒውተር መጥቶ የእርሳሱን ሥራ ሲያስቀረው፣ ከወጣቶቹ ቀድመው ተማሩት። በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ጥሩ ካሜራ ገዛችላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይዞት አገር ይዞር ነበር፤ እሳቸው ግን መንገድ ስለሚፈሩ ከወጥ ቤታቸው መስኮት አላለፉም። በጓሮው አጥር፣ በውሃ ጋኑ አፍና በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የሚያርፉትን ወፎች በነጋ በጠባ ያነሱ ጀመር። ወፎቹ ሰው አይተው እንዳይበሩ፣ ባለቤታቸው የካሜራውን አፍ ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ ያለው ጥቁር መጋረጃ ሰፍተውላቸው ነበር። የጀርባ ጎረቤቶች ሽማግሌው በዚያ ቀዳዳ ማንን ነው የሚያዩት ብለው መጨነቃቸውን የሰማነው በኋላ ነው። ከሰዓት ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጠው ከድንቢጧ ኋላ ያለውን የልብስ መቆንጠጫ፣ ከርግቧ እግር ሥር ያለውን ኩስ ያጠፋሉ። በየዓመቱም ምርጦቹን መርጠው የቀን መቁጠሪያ ያሳትሙና ለጎረቤት በነፃ ያድላሉ።

በ2013 ዓ.ም. በፎቶዎቹ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ መታየት ጀመረች። አቧራ ናት ብለው ካሜራውን ወለወሉ፤ የፊቱን መስታወት አስለወጡ፤ ነጥቧ ግን እምቢ አለች። ስለዚህ ባዩዋት ቁጥር እንደ ልማዳቸው ከፎቶው ላይ ያጠፏት ጀመር። አንድ ቀን ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ አንስተው የወጥ ቤቱን ነጭ ግድግዳ ሲያዩ፣ ነጥቧ እዚያም አለች። ያን ጊዜ ወንበሩን ይዘው እንደቆሙ በኋላ ነግረውኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ እኛን ሲመክሩ የኖሩት ሰው፣ የራሳቸውን ሆድ ይፍጀው አሉ፤ ነጥቧንም ከካሜራው የመጣች አስመስለው ከፎቶው ላይ ማጥፋታቸውን ቀጠሉ። ሐኪም ዘንድ ከሄዱ ስሙን ይነግሯቸዋል፤ የፈሩት ስሙን ነበር። ሻይ ከብርጭቆው ውጭ ሲቀዱ እያየን እርጅና ነው ብለን ስቀን አለፍነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የቀን መቁጠሪያው ከማተሚያ ቤት መጣ። እሽጉን የፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። የመጀመሪያው ወር ላይ ያለችው ድንቢጥ ዓይን አልነበራትም። ቀጥሎ ያለችውም ርግብ፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለውም ቁራ የላቸውም። ዓይናቸው በነበረበት ቦታ ላባ በላባ ላይ ተደርቧል፤ ሥራው ንጹሕ ከመሆኑ የተነሳ ወፎቹ ከእንቁላላቸው እንዲያ ሆነው የወጡ ይመስላሉ። ባለቤታቸው የባላቸው አእምሮ የተነካ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስልክ ደወሉልኝ። ደርሼ እኔም ወር በወር ገልጬ አየሁት። እሳቸው በዚያች ሰዓት ከመጋረጃቸው ኋላ ተቀምጠው በሰላም ያፏጩ ነበር። ከማተሚያ ቤት ለናሙና ቀድሞ የመጣው አንዱ ለሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ተሰጥቶ ግድግዳ ላይ ሲሰነብት ከሚላጨው ሁሉ ልብ ያለው አልተገኘም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ባለቤታቸው የቀን መቁጠሪያውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡት። ጋሽ ብሩሽ አንገታቸውን ዘመም አድርገው በጎን በኩል ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

«አንተ ነህ።»

ክብ ጥቁር ነገር ባዩ ቁጥር ያቺው ነጥብ መስላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያልነኩትን ዓይን በገዛ እጃቸው አንድ በአንድ አጥፍተውታል። በማግስቱ ልጃቸው ይዛቸው ሆስፒታል ሄደች።

ሐኪሟ ከዓይናቸው ኋላ የበቀለ ዕጢ እንዳለ፣ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላቸው ብዙ እንደማይቆዩ፣ ከተደረገላቸው ግን ዕድሜ ቢያገኙም ማየት ጨርሶ ሊቀር እንደሚችል ነገረችን። ጋሽ ብሩሽ እምቢ አሉ። በጨለማ ከመኖር እያዩ መሞት ይሻለኛል አሉ። ልጃቸው አለቀሰች፤ እኔ እስኪመሽ ተከራከርኳቸው፤ የሚሰማ ጆሮ አላገኘንም። ባለቤታቸው ግን ሰንብተው አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ሳታየኝ ብትኖር ይሻለኛል።» በ2014 ዓ.ም. ቀዶ ጥገና ገቡ። እስከ በሩ ድረስ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ፈርቻለሁ፣ ፈርቻለሁ ይሉ ነበር። ነርሷ አይዞዎት ስትላቸው እሺ ይሉና መልሰው ያንኑ ይላሉ።

ዕድሜ አገኙ፤ ብርሃን ግን አልተመለሰላቸውም። ከዚያ በኋላ ትልቁ ፍርሃታቸው ዝምታ ሆነ። የስፌት መኪናው ድምፅ ባቆመ ቁጥር ባለቤታቸው ወጥተው የሄዱ እየመሰላቸው በድንጋጤ ይጣራሉ። ስለዚህ ባለቤታቸው ወፍራም ክር ወስደው አንዱን ጫፍ ከእሳቸው የእጅ አንጓ፣ ሌላውን ከራሳቸው ሽርጥ ማሰሪያ ጋር አሰሩት። ጋሽ ብሩሽ ሲፈሩ ክሩን ይስባሉ፤ ባለቤታቸውም መልሰው ይስባሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሳሳቡ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ቀሚሳቸው ተጣሞ የተሰፋባቸው ደንበኞች ቢኖሩ ምክንያቱ ይህ ነበርና፣ ቤተሰቡ ዛሬ ይቅርታ ይጠይቃል።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ዕጢው ተመልሶ መጣ፤ ሐኪሟም ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገረችን። በያዝነው ሚያዝያ ወር፣ ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው የቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀሙ ሳለ ክሩ ተሳበ፤ መለሱላቸው። ደግሞ ተሳበ፤ ደግሞ መለሱላቸው። ጠርዙን ጨርሰው በራሳቸው ተራ ሲስቡ ግን መልስ አላገኙም። ጋሽ ብሩሽ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ ሞትን ሳይፈሩ በጽናት ተቀበሉት ተብሎ እንዲጻፍ የመከሩኝ ዘመዶች ነበሩ። ባለቤታቸውን ጠየቅኋቸው። «ፈርቶ ነበር ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። «እየፈራ ነው ለእኔ ብሎ ቀዶ ጥገና የገባው።»

ጋሽ ብሩሽ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና ከእንግዲህ ስትዘገይ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ሰው የሌላትን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። የክሩ አንደኛው ጫፍ ዛሬም ከባለቤታቸው ሽርጥ አልተፈታም። ሌላኛውን ጫፍ የያዙት ጋሽ ብሩሽ ባሉበት ሆነው ፈርተው ሲስቡ፣ ፈጣሪ መልሶ ይሳብላቸው። አሜን።