ለአውራ ጣቴ የገዛሁት ጌም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ያኮርፋል? እማዬስ ጆሮዋ፣ እንቅልፏ፣ ጨዋታዋ እንዴት ነው? ጋሼስ ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? እኔ ከነቤተሰቤ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ እዚያ አንቺ ጋ የተውኳትን የስፌት መኪናዬን የሚገዛ ሰው መጥቷል፣ ልሽጣት ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አልተቀየምኩም። እጄ እንዲህ ከሆነ አቧራ ስትጠጣ ከምትኖር ብለሽ ነው። መልሱን ግን በአንድ ቃል አልነግርሽም፤ ተቀመጪና አንብቢ።

እንደምታውቂው በዚያ እርጥብ ደረጃ ላይ ወድቄ እጄ ከተሰበረ ወዲህ፣ ጀሶው ቢፈታም የቀኝ አውራ ጣቴ እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ አለ። የስፌት ቤቱ አለቃችን ክፉ ሴት አይደለችም፤ አላባረረችኝም። ከመኪናዬ አንስታ ሸሚዝ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ አቆመችኝ እንጂ። ሃያ ዓመት ኮሌታ የሰፋሁ ሴት፣ ሌላ ሰው የሰፋውን እያጠፍኩ ካርቶን ውስጥ ስከት ልዋል! «እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ኮሌታ ሰፍተሽ ካሳየሽኝ ቦታሽ የራስሽ ነው፤ ካልሆነ ግን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው» አለችኝ። እጄን የምታክመኝ ባለሙያ ደግሞ የላስቲክ ኳስ ሰጥታኝ በቀን ሦስቴ ይጭመቁ ትለኛለች። እታለም ሙች፣ ያቺን ኳስ እንደጠላኋት ሰው እንኳ ጠልቼ አላውቅም። አምስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ፣ ከዚያ ሕመሙ ሲመጣ ወደ መሳቢያው ውስጥ!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ፤ ከሳቅሽም ሳቂ። ጨርቅ ቆራጫችን፣ «መቀስ» የምንለው፣ አፉም እጁም የሚቆርጥ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ለምሳ ሰዓት በእጅ የምትያዝ የጌም መጫወቻ ይዞ ይመጣል። መሃሏ መስታወት፣ ግራና ቀኟ ቁልፍ የሆነች ነገር ናት። ውስጧ አንድ ሞተረኛ በጠመዝማዛ መንገድ ይከንፋል። አንድ ቀን «ነዪ እስቲ እትዬ፣ ኮሌታው እምቢ ካለ ሞተር ንጂ» ብሎ አሾፈብኝ። እኔም እልህ ያዘኝና ተቀበልኩት። ወዲያው ገደል። ደግሞ ገደል። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ሥር እያዩ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ለካ ሞተሩ እንዲፈጥንልኝ ብዬ እግሬን እንደ ስፌት ፔዳል እየረገጥኩ ኖሯል! መቀስ ከሳቁ ብዛት እንባው ወረደ። «ተዪው እትዬ፣ ጫማሽን ትጨርሻለሽ» አለኝ።

ያኔ የአንቺ ድምፅ መጣልኝ። ትዝ ይልሻል፣ ልጅ ሆኜ በዚያችው መኪና ስታስተምሪኝ፣ መርፌዋ ላይ አፍጥጬ ስፌቱን ባጣመምኩ ቁጥር አገጬን ይዘሽ «መርፌዋን አትዪ፣ ጠርዙን እዪ፤ መርፌዋ ራሷ ትመጣለች» የምትዪኝ? ሞተረኛውን ማየት ተውኩና መንገዱን ከፊት ከፊቱ አየሁት። ልክ ኮሌታ እንደማዞር፣ ጠመዝማዛው ላይ ቀስ፣ ቀጥታው ላይ ፈጠን። እስከ መጨረሻው ደረስኩልሽ! የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። መጫወቻዋን ስመልስለት አውራ ጣቴን ባየው ታጥፏል። እኔ ሕመሙን ረስቼ፣ እሱ ቁልፍ ሲጫን ቆይቷል።

ባለሙያዋን ጠየቅኳት። ሳቀችና «ኳሷን አይተዉ፤ ግን ጣትዎን የሚያንቀሳቅስልዎት ከሆነ ይጫወቱ፣ ሲያምዎት ብቻ ያቁሙ» አለችኝ። መግዛቱ ላይ ግን ሳምንት ሙሉ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። የምነካው ለካፖርት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ነው፣ ብርዱም ደርሷል። ባለቤቴ «ፀጉራችን ከሸበተ በኋላ አሻንጉሊት እንግዛ?» አለ። ልጄ «እማ፣ ጓደኞቼ ብቻ እንዳይሰሙ» አለች። ሁለት ጊዜ ሱቁ በር ድረስ ሄጄ፣ መስታወቱ ውስጥ የራሴን መልክ አይቼ ተመለስኩ። ባይሠራስ? ካፖርቱም የለ፣ ጣቱም የለ፣ ቦታውም የለ። በስምንተኛው ቀን ግን ሸሚዝ ሳጥፍ አንድ ጠማማ ኮሌታ እጄ ገባ፤ በእኔው መኪና ላይ የተሰፋ። ደሜ ፈላ። የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሄድኩ።

ባለሱቁ ያገለገለ ዕቃ ነው የሚሸጠው። «ለልጅ ልጅዎ ነው እናቴ?» አለኝ። «ለአውራ ጣቴ ነው» አልኩት። እየሳቀ አንዷን አውጥቶ ሰጠኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል ኖሬ በቁልፍ ልታለል? እያንዳንዷን ተጭኜ፣ አንዷ ብትይዝብኝ ሌላ መጫወቻ አስመጣሁት።

ከዚያ በኋላማ ተዪኝ። ጠዋት ውሃው እስኪፈላ እነዳለሁ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ እነዳለሁ፤ አውቶቡሱም ሁለቴ ጥሎኝ ሄዷል። ያቺን ኳስም ማሟሟቂያ አደረግኋት። ጣቴ መጀመሪያ እርሳስ ያዘ፣ ከዚያ ክር፣ ከዚያ መርፌ። መቀስ መንገዱን ጨረስኩበት ብሎ የሚኮራበትን ሰዓት ሦስቴ ስለሰበርኩበት፣ አሁን ምሳውን ከእኔ ራቅ ብሎ ነው የሚበላው።

የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ዋለ። አለቃችን ኮሌታ የሌለው ነጭ ሸሚዝ አምጥታ መኪናዬ ላይ አኖረችው። የሁሉም መኪና ቆመ። ጨርቁን መርፌዋ ሥር አስገባሁ። ጠርዙን አየሁ። መርፌዋም መጣች። አለቃችን ኮሌታውን ገለበጠች፣ ጎተተችው፣ ሁለቱን ጫፎች አጋጥማ አየቻቸው። ከዚያ ሄዳ፣ ማጠፊያው ጋ ያኖርኳትን የመቀመጫ ትራሴን አምጥታ የድሮ ወንበሬ ላይ አደረገችልኝ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበውም መቀስ ነው።

ካፖርቱን አትጨነቂበት። ልጄ የእሷን አሮጌ ሰጠችኝ፣ እኔም ኮሌታውን ለወጥኩና ሰው አዲስ ነው ወይ ይለኛል። ባለቤቴም ትናንት መታጠቢያ ቤት ገብቶ አልወጣ ቢለኝ በሩ ላይ ጆሮዬን ብጥል፣ የሞተር ድምፅ! «ፀጉርህ አልሸበተም እንዴ?» አልኩት።

እንግዲህ ለገዢው ንገሪው፣ መኪናዬ አትሸጥም። አቧራዋን ጥረጊልኝ፣ ዘይት አጠጪልኝ። ስመጣ የእማዬን ቀሚስ እሰፋባታለሁ።

ጋሼን ሳሉ ካልለቀቀው እንዳይቀልድበት በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን፣ መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን፣ ያቺን ሳቂታዋን ነርስ፣ ሰላም በዪልኝ። ለእማዬ ግን ሰላምታዬን ብቻ አታድርሺ፤ ወረቀቱን እጇ ላይ አድርጊላት። ያለፉትን አራት ደብዳቤዎች እኔ እየነገርኳት የጻፈችው ልጄ ነበረች። ይህን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በቀኝ እጄ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ካለችው ጠረጴዛ፣
እሑድ ጠዋት፣ ኅዳር 10 ቀን