የጋሼ ይማም ሰዓት አልሞላ ያለ ሰሞን

ግንቦት 3፣ ሰኞ። ረፋድ 5 ሰዓት

መብራት የለም። ፋኑ ቆሟል። ላቤ አጉሊ መነጽሬ ላይ ይንጠባጠባል። ገበያ ቀን ስለሆነ ሰው በረንዳዬን ሳሎኑ አድርጎታል። አንዱ ባትሪ ያስቀይራል፣ አምስቱ ይመክሩኛል።

ጋ/ይማም ከሮቢት እኔ ዘንድ ቆቦ መጡ። ያንን የስዊስ ሰዓታቸውን በመሐረብ ጠቅልለው። ደብተሬ፣ ስለዚህ ሰዓት ስንቴ ጽፌብሃለሁ። ልጃቸው ዘሐራ ሪያድ አንድ ሽማግሌ ስትጦር ኖረች። ሰውየው ሲሞቱ ልጆቻቸው የአባታቸውን ሰዓት ሰጧት። እሷም ለራሴ ሳትል ለአባቷ ላከችው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰዓት ሁለተኛ አላየሁም። ባትሪ አያውቅም። በየጠዋቱ በእጅ ይሞላል።

አሁን መሙያ ቁልፉ፣ ያች በጎኑ ያለችው ትንሽ ክብ፣ አልዞር ብላለች። ሞከርኳት። የዛገ ቧንቧ ናት። ጠርዟ ተልጦ ልሙጥ ሆኗል። ምን ያህል ቢታገሏት ነው?

ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ሰዓት እንጂ ማረሻ አይደለም፤ በጉልበት አይታገሉትም” አልኳቸው።

በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ጋ/ይማም ግን አልሳቁም። እጃቸውን ነጠላቸው ስር ከተው፣ መቼ ልምጣ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እደውላለሁ አልኩ። ቁልፉ ይቀየራል፣ አለቀ።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

አ.አ. ያለው የሙያ ጓደኛዬ ሊያሳብደኝ ነው። የቁልፉን ስፋት ሦስቴ ጠየቀኝ፣ ሦስቴ ለካሁ። ፎቶ ላክ አለ፣ ላክሁ። ደብዝዟል አለ። መብራት በሌለበት አገር ምን ላድርግለት? ፀሐይ ላይ ወጥቼ፣ ባጃጅ አቧራውን እየነሰነሰብኝ እንደገና አነሳሁ። አሁን ደግሞ ነጸብራቅ አለው ይለኛል። በመጨረሻ ልኩ የሆነ አገኘሁ አለ። በዓርብ አውቶቡስ ይመጣል።

ጋ/ይማም ደወሉ። ቅዳሜ ሳምንት ዘሐራ ለእረፍት ትገባለች፣ ይደርሳል ወይ አሉ። ይደርሳል አልኩ። ድምፃቸው ወኔ የለውም። ምን ሆነው ነው?

ግንቦት 7፣ ዓርብ። ማታ 1 ሰዓት

እርር ድብን ብያለሁ። ሹፌሩ ቆቦን አልፎ ሄደ። ደውዬ ስጮህበት ረሳሁት፣ ዋጃ ሻይ ቤት ትቼልሃለሁ አለኝ። ትቼልሃለሁ! ውለታ እንደዋለልኝ።

ሱቅ ዘግቼ ወደሚቀጥለው ከተማ፣ ዋጃ። ባለ ሻይ ቤቷ ፖስታውን የስኳር ጣሳ ስር አድርጋዋለች። ከፈትኩት። የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁልፍ በሁለት ሜትር ፕላስተር ተጠቅልላ። ስመለስ ሚኒባሱ ካልሞላሁ ብሎ አንድ ሰዓት አስቀመጠን። ቀኑ እንዲሁ ሄደ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ። 6 ሰዓት

ገጠምኳት። ልኳ ነው፣ ጠርዟም ጣት ትይዛለች። ደስ ብሎኝ ልሞላ አዞርኩ።

ያው ናት። ድርቅ።

አወጣሁ፣ አጸዳሁ፣ የጎማ ቀለበቷን ቀየርኩ፣ የዘይት ጠብታ አስነካሁ፣ መለስኩ። ያው። ጎረቤቴ የሞባይል ጠጋኙ ብቅ ብሎ አጥፍተህ ብታስነሳውስ አለኝ። ወረንጦዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ።

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ። ረፋድ

መብራት መጣ። ሙሉ በሙሉ ፈታሁት። መሥራት የነበረብኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር፣ ግን ለማረሻ ወሬ እንጂ ለመፍታት መች ጊዜ ነበረኝ።

አገኘሁት። መሙያው የሚያሽከረክራቸው ጥርሶች መሀል አንዲት የብረት ስባሪ ተሰንቅራለች። በዓይን አትታይም፣ በመነጽር ብቻ። ከየት መጣች ብዬ ፈለግሁ። ቀን ከሚቀይረው ክብ ላይ አንድ ጥርስ ጎድሏል። እዚያ ተሰብራ፣ ተንከራትታ፣ መሙያው ውስጥ ገብታ አነቀችው። ቁልፏ ምንም አላጠፋችም ነበር።

ጥርሱ ለምን ተሰበረ? ይህን ያህል ጠንካራ ማሽን!

ግንቦት 13፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ደብተሬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻል ነበር።

ለጋ/ይማም ደውዬ ቀኑን መቼ መቼ እንደሚያስተካክሉ ጠየቅኳቸው። የፈረንጅ ሰዓት እስከ 31 ይቆጥራል፣ የኛ ወር 30 ላይ ያልቃል። ስለዚህ ወር በባተ ቁጥር ቁልፉን ሳብ አድርጎ ከ31 ወደ 1 ማሻገር ግድ ነው። ጳጉሜን ሲመጣማ አያድርስ።

“ባልከኝ ሰዓት ነዋ” አሉ። “ወር በባተ፣ ጠዋት ልክ 12 ሲል። አንድም ወር አላዛነፍኩም።”

ያልኩስ እኔ ነኝ። እሳቸውን ብቻ አይደለም፣ ቀን የሚቆጥር ሰዓት ያመጣልኝን ሁሉ ነው። ቀን የሚጀምረው ጠዋት 12 ነው፣ ስለዚህ ቀኑም ያኔ ይስተካከል ብዬ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከራሴ አፍልቄ። እንዲያውም በዚህ ብልሃቴ እኮራ ነበር።

ለአ.አ.ው ጓደኛዬ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀ። የምሬን መሆኑ ሲገባው አስረዳኝ። በኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት በራሱ ቀን የሚቀይረው እዚያው ጠዋት 12 ላይ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ሦስት ሰዓት ያህል ጥርሶቹ ተያይዘው ይቆያሉ። ያን ጊዜ በእጅ ያዞረው ሰው ጥርስ ይሰብራል። ከረፋዱ 4 በኋላ ቢሆን ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።

ጋ/ይማም ደግሞ፣ ቅድም በስልክ እንዳሉኝ፣ ለዘሐራ ነግረዋታል። በገበሬ እጄ ሰበርኩት፣ ይቅር በይኝ ብለዋታል። ስትመጣ ውሰጂው፣ እጁ ለለሰለሰ ሰው ስጪው ብለዋታል። ስልኩን እንደዘጋሁ ቆሽቴ አረረ። በሳቸው አይደለም፣ በራሴ።

ግንቦት 14፣ ዓርብ። ማታ 2 ሰዓት

ጥርሱ የጎደለውን ክብ ቀየርኩት። አንድ የሞተ ሰዓት ነበረኝ፣ የውስጥ ማሽኑ አንድ ዓይነት። ስባሪዋን አወጣሁ። አሁን ቁልፉ በሁለት ጣት ልስልስ ብሎ ይዞራል።

ለሚስቴ ለአስካለ ሁሉን ነገርኳት። ሰዓቱ ከሠራ ምን ያስለፈልፍሃል አለችኝ። አዲስ ቁልፍ ገባለት በል፣ ውሸት አይደለም፣ ሰውየውም ደስ ይላቸዋል። ልጆች የምናሳድገው በዚሁ ስምህ ነው አለች። እውነቷን ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ግን ቁልፉን ቀየርኩ ብል ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን እጃቸውን ሲያፍሩበት ይኖራሉ። ሰዓቱንም አይነኩትም።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ። ማታ

ከሮቢት መመለሴ ነው።

ዘሐራ ገብታለች። አባቷ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ሻንጣዋ ገና አልተፈታም። ሰዓቱን አውጥቼ ፊታቸው ሞላሁት። ድምፁን ሰማች፣ ደስ አላት። ጋ/ይማም እጃቸውን አልዘረጉም። ተባረክ፣ ለሷ ስጣት አሉኝ።

“ጋሼ፣ ሰዓቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “ጠዋት 12 ያልኩዎት ስህተት ነበር። እጅዎ ምንም አላጠፋም።”

የጥርሱን ነገር፣ የ12ቱን ነገር ሁሉ አስረዳሁ። ስባሪዋን በወረቀት ጠቅልዬ ይዣት ነበር፣ አሳየኋቸው። ዘሐራ አባቷን አየች። እሳቸው መሬቱን በበትራቸው ሲጭሩ ቆዩ። አለመቆጣታቸው ባሰብኝ። ከዚያ ቀስ ብለው አሉ፦

“እዚህ ቤት ውስጥ አይደለም የሰደብከኝ።”

ዘሐራ ሰዓቱን አንስታ መለሰችልኝ። ሰኞ ገበያ እንመጣለን፣ ያኔ እንወስደዋለን አለች። በሩ ድረስ ሸኘችኝ፣ ክፉ ቃል አልወጣትም።

ግንቦት 17፣ ሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት

ሱቅ ከፈትኩ። ሰው መምጣት ጀምሯል። የገበያው ግመሎችም ገብተዋል። ያ የዛሬ ሁለት ሳምንት ባትሪ ሲያስቀይር ከሁሉ በላይ የሳቀው ሰውዬ ደግሞ በጠዋቱ ተሰይሟል፣ ምን እንደሚጠብቅ እንጃ።

ስንቱን ሰው ጠዋት 12 ብዬ እንደላክሁት ስቆጥር አደርኩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ሁለቱ መምህራን። ዲያቆኑ። የአስካለ ወንድም ሳይቀር። ዛሬ አፌን ከከፈትኩ ነገ ሁሉም ሰዓቱን ይዞ በሬ ላይ ነው። የዚያ አ.አ. ሰውዬ ቀልድ፣ የሞባይል ጠጋኙ ምክር፣ ሁሉም ይከተላል። አስካለ ከቤት ስወጣ አላናገረችኝም። ስደርስ ግን ደውላ በአጭሩ ጨርሰው አለችኝ።

በአጭሩ አይሆንም። ጋ/ይማም ሲመጡ ወንበሬን እለቅላቸዋለሁ። በረንዳው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ የማን ስህተት እንደሆነ እናገራለሁ። ሰዓቱንም እሳቸው በገዛ እጃቸው ይሞሉታል፣ ሰው ሁሉ እያየ።

እስቲ ዛሬ በኔ ይሳቁ።